ስድስቴ በውሃ፣ አንዴ በአፈር

የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የቡችላው ውሃ ግን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ጠዋት እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ነጠላ ጫማዬን ያገኘሁ መስሎኝ ተደላድዬ የረገጥኩት ለብ ያለ ኩሬ ሆነና፣ ለዚህ ዕድሜ የማይመጥን ስድብ ራሴን ተሳድቤ፣ ባልዲውን ባየው ባዶ፣ በርሜሉን ባንኳኳው ባዶ፣ የምይዝ የምጨብጠው ሲጠፋኝ ወደ ጓሮ ወጣሁና ከማንጎዋ ሥር ሁለት እፍኝ ደቃቅ አፈር ዘግኜ መጥቼ ኩሬው ላይ በተንኩበት። አፈሩ ሽንቱን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ወዲያው የሞቀ አቧራና የቡችላ ሽንት አንድ ላይ የሆነ ሽታ ተነሥቶ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ጉልበቴን ይዤ ካጎነበስኩበት ሳልነሣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቀረሁ። ሌላው ሰው ልጅነቱ በአበባ ሽታ፣ በእናቱ ቀሚስ ጠረን ትዝ ይለዋል አሉ። ለእኔ የደረሰኝ ይኸ ነው፤ ሰው እንደ ዕጣው ነው።

አናደደኝ ስላችሁ የሽማግሌ ንጭንጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ በይፋት ቆላ ከመንደር መንደር እየዞርኩ፣ ሕዝቡ ሽንት ቤት እንዲቆፍር፣ ቆፍሮም ሳያፍር እንዲገባበት ሳስተምር የኖርኩ የጤና ሠራተኛ ነኝ። ሰዉ ስሜን ትቶ «ጋሼ ጉድጓድ» ነበር የሚለኝ፤ ገና ያልቆፈረ ባላገር ገበያ መሀል ድንገት ካገኘኝ፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው በሌላ መንገድ ይታጠፍ ነበር። አያቴ ሜዳ እየወጡ ዘጠና ዓመት ኖረዋል ብሎ የተከራከረኝን ሰው አሳምኛለሁ፤ ጉድጓዱን አሳምሮ ቆፍሮ፣ ከድኖ፣ የማሾ ጎተራ ያደረገውንም አሳምኛለሁ። ይኸው አሁን አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ጥርሱን እንኳ በቅጡ ያላበቀለ ፍጡር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳስተምረው ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ትምህርቱ የገባው ይመስል ጭራውን እየቆላ፣ ከፊቴ ቁጢጥ ይላል።

የላከችልኝ የልጄ ልጅ ናት። እናንተ ሁለት ሽማግሌዎች ግቢው እንዳይጨልምባችሁ ብላ፣ ቀዳዳ በበዛበት ካርቶን አድርጋ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሰደደችው። ስሙ ኮኮ ነው። ከአንገቱ እስከ ጭራው የበግ ለምድ የደረበ ስለሚመስል ፊቱን ከኋላው ለመለየት መጀመሪያ ሰሞን የሚጎርስበትን አቅጣጫ እጠብቅ ነበር። ልጅቱ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ትደውልና በስልኩ አሳየኝ ትለኛለች፤ አሳያታለሁ፤ ከጀርባው ያለውን ኩሬ ግን በእግሬ እከልለዋለሁ። ለልጅ ልጁ የሚዋሽ አያት ስንት አለ፤ በእግሩ የሚዋሽ ግን ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ባለቤቴ እታፈራሁ የምታየው ሌላ ነገር ነው። እሷ ባደገችበት ቤት ሰው ቤት ውስጥ ይተኛል፣ ውሻ ደጅ ይተኛል፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ሰኞ ዕለት የእህቷን ልጅ አራስ ልትጠይቅ ወደ ካራቆሬ ስትሄድ፣ ቦርሳዋን ባጃጁ ላይ ካስጫነች በኋላ ተመልሳ ገብታ፣ አንድ ጊዜ ምንጣፉን፣ አንድ ጊዜ ቡችላውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና፣

«ዓርብ እመለሳለሁ። ሳሎኑ ከሸተተኝ በመጣበት ካርቶን ይመለሳል» አለችኝ።

ስትጮህ የማልፈራት ሚስት ናት፤ የሚያስፈራው ስትረጋ ነው። በጣም ረግታ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው።

ያላደረግኩት የለም። ጋዜጣ አነጠፍኩለት፤ ጋዜጣውን ቦጫጭቆ ከጎኑ ሸና። ጓሮ ይዤው ወጥቼ በከተማችን በሮቢት ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ፤ እኔን ላብ ሲያጠምቀኝ እሱ ጥላዬ ውስጥ ተኛና፣ ስንገባ ገና በሩን ሳልዘጋ ያጠራቀመውን ሁሉ ለቀቀው። ተቆጣሁት፤ አልጋ ሥር ገብቶ እዚያም ሸና። በረኪና አፈሰስኩ፤ እኔ አስነጠሰኝ እንጂ እሱን ምንም አላለውም። ይባስ ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት ከሳሎን የማያልፈው ቡችላ፣ በሁለተኛው ኮሪደሩን ያዘ፣ በሦስተኛው መኝታ ቤታችን ደረሰ። እኔም በሸና ቁጥር ያቺን አንዲት መወልወያ እየጎተትኩ ሳሎኑን እወለውላለሁ፣ በዚያው ኮሪደሩን፣ በዚያው መኝታ ቤቱን አዳርሳለሁ፤ ንጽሕና ላይ ሰነፍኩ እንዳልባል። ተላላፊ በሽታ ከየት ወዴት እንደሚዛመት ስመዘግብ የኖርኩ ሰውዬ፣ የአንድ ቡችላ ሽንት በገዛ ቤቴ እንዴት እንደሚዛመት ሊገባኝ አልቻለም።

የገባኝ ዛሬ ጠዋት፣ በዚያ በአፈር ሽታ ነው።

ልጅ ሳለሁም ቤታችን እዚሁ ቦታ ላይ ነበር። ሴራሚክ የለ፣ ብሎኬት የለ፤ ጭቃ ምርግ፣ ሣር ክዳን። አባቴ ወደ ሮቢ ወንዝ ባለው መሬታችን ማሽላና ማሾ ያርስ ነበር። ሙቀቱ ያኔም ያው ሙቀት ነው፤ በሚያዝያ ቀትር ላይ ዶሮዎች ምንቃራቸውን ከፍተው ጥላ ለጥላ ሲሄዱ፣ ወንዙ ራሱ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሳበ የሚያልፍበት፣ ቁጣ ላብ ስለሚያመጣም ማንም ሰው ማንንም ሰው የማይቆጣበት ነበር። እንዲህ ባለው ወቅት ነው የእናቴ ወንድም ከጣርማ በር ወርዶ ሊጠይቀን ሲመጣ ከጋቢው ውስጥ አንድ ነጭ፣ ጠጉረ ብዙ ቡችላ አውጥቶ የሰጠኝ። ደጋ ተወልዶ ብርድ ሲጠጣ የኖረ ነውና ስሙን በረዶ አልኩት። በረዶ ሮቢት በገባ በመጀመሪያው ቀን ምላሱን አንድ ስንዝር አውጥቶ እንደ ወናፍ ሲያለከልክ ዋለ፤ ለመቅለጥ ምንም አልቀረው።

እንግዲህ ውሻ ቤት አይገባም የሚባለው ውሻው የቆላ ውሻ ሲሆን ነው። ይኸኛው አፍንጫውን መሬት ለመሬት እየነዳ ቤት ገባና፣ በግቢያችን ውስጥ ከሁሉ ቀዝቃዛ የሆነውን ቦታ፣ የመጠጥ ውሃ ጋኑ ሥር ያለውን እርጥብ መደብ አግኝቶ ሆዱን ለጠፈበት። እዚያው ተኛ፤ እዚያው ሸና። እናቴ በመጥረጊያ አስወጣችው፤ ተመልሶ ገባ፤ አስወጣችው፤ ገባ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ሰለቸው መሰል ሁለተኛ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ አገኘ። ያገኘው ግን በእኛ ግቢ አልነበረም።

ጎረቤታችን ሸህ ኑሩ ይባሉ ነበር፤ ቀጥ ያሉ ረጅም ሰው፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ የሰፈሩን ሕፃናት ደረሳ አድርገው ቁርአን የሚያስቀሩ። በእኛና በእሳቸው መካከል የነበረው አጥር የማሽላ አገዳ ሲሆን፣ ፍየሎቻችንም ፍየሎቻቸውም ከሁለቱም ወገን እየጋጡት ቁመቱ ከሸህ ኑሩ ወገብ አልፎ አያውቅም። ለበረዶማ አጥርም አልነበረም፤ አገዳው ሥር ፍየሎቹ የተውለት ቀዳዳ ነበር። ከአጥሩ ማዶ፣ ከቁርቁራ ዛፋቸው ጥላ ሥር፣ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ሸህ ኑሩ በቀን አምስት ጊዜ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ውዱእ፣ የሶላት ትጥበታቸውን፣ የሚያደርጉበት። በቀን አምስት ጊዜ ውሃ የሚነካው ድንጋይ በዚያ አገር ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ በረዶ ከሁላችንም ቀድሞ አወቀ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ተንጋሎ ተኝቶበት አገኘነው፤ ሲነሣም የሚያደርገውን አደረገበት።

ሸህ ኑሩ አልተቆጡም። ቢቆጡ ነገሩ በቀለለ ነበር። ማንቆርቆሪያቸውን አንሥተው ከጥላው ወጡና፣ ግቢያቸው ዳር ፀሐይ ላይ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ፤ ወደ እኛም አላዩም። አባቴ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ ይኸን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ያን ምሽት እራት አልጨረሰም። ጎረቤቴ በገዛ ደጁ ፀሐይ ላይ ተጣለ፣ እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሸህ ኑሩ ለመጪው ጁምዓ ከጥላቸው ሥር ውዱእ ካላደረጉ ውሻው በመጀመሪያው መኪና ወደ ጣርማ በር ይወጣል ብሎ ቆረጠ። አባቴ ከተናገረ ተናገረ ነው። ዓርብ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል።

በማግስቱ በማለዳ እንባዬን እየጠረግኩ አጥሩን ዞሬ ሸህ ኑሩ ዘንድ ሄድኩና ድንጋይዎ እንዲነጻ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም እንደ ትልቅ ሰው አስቀምጠው አስረዱኝ፤ ውሻ የነካው ነገር ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፣ ነጃሳውም ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ስድስቴ በውሃ፣ አንዴ በአፈር። ደስ አለኝ። ይቅርታ መለመን ለልጅ ከባድ ነው፤ ቁጥር ያለው ሥራ ግን ቀላል ነው።

እንዴት እንደሠራሁ ብታዩ። ከሮቢ ውሃ በቅል እየቀዳሁ ስድስት ጊዜ አፈሳለሁ፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። ለአፈሩ ደግሞ የአገሩ አፈር ድንጋይ የበዛበት ሆኖ ድንጋዩን እንዳይጭረው ስለፈራሁ፣ ከመንገዱ ዳር ካለችው ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር፣ እንደ ዱቄት የላመውን፣ ለስለስ ያለውን መርጬ በሰፌድ አመጣለሁ። ሮቃዋ ያውም ቅርብ ናት። ፈትጌ ፈትጌ ሳበቃ ድንጋዩ ያበራል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ በረዶ በቀዳዳው ሾልኮ፣ ዙሪያውን አሽትቶ፣ ደስ ብሎት ይሸናበታል። እንደገና ስድስቴ በውሃ፣ አንዴ በአፈር። እንደገና ይሸናል። ሰኞ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፤ ማክሰኞ አራት። የእጄ መዳፍ ተላጠ። ባጠብኩ ቁጥር ጭራሽ ባሰበት፤ ሮብ ዕለትማ የማናውቃቸው መንገደኛ ውሾች ሁለት ሆነው መጥተው፣ በየተራ እግራቸውን ድንጋዩ ላይ አንሥተው ሄዱ። በረዶን በአንገቱ ይዤ አራገፍኩት፣ ለምን ትጠላኛለህ ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩበት፤ እሱ እጄን ላሰኝ። እንደዚያ ቀን በሰውም በእንስሳም ላይ ተናድጄ አላውቅም ነበር፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሰፌዴን ተሸክሜ ከሮቃዋ ስመለስ ሸህ ኑሩ አጥሩ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ቆመዋል። ለካ ለመናገር አፍረው እንጂ ከሰኞ ጀምሮ ሲያዩኝ ኖረዋል።

«አንተ ልጅ፣ ያን አፈር ከየት ነው የምታመጣው?»

ከሮቃዋ ሥር፣ የላመውን መርጬ ነው አልኳቸው፤ እንዲያመሰግኑኝም ጠበቅኩ። ሸህ ኑሩ ሰፌዱን አዩ፣ ሮቃዋን አዩ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ፣ መንገደኛውም ውሻ ሳይቀር፣ ከጥንት ጀምሮ እግሩን የሚያነሣው እዚያች ሮቃ ላይ ነው፤ አፈሯም የላመው ያለ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቃቸው ከሆድ ተነሥቶ መጣና ጥምጣማቸው ወደ አንድ ጆሯቸው ተንሸራተተ፤ አጥሩን ይዘው ቁጭ አሉ፣ የአጥሩም አገዳ አብሯቸው ተንቋቋ።

«ወላሂ፣ የውሻ ቂብላው አፍንጫው ነው» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ ሲሰግዱ ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ማለታቸው ነው። «አንተ ወደ እኔ ደጅ አዞርከው።»

እኔም መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አንድ ቀን ነበር የቀረኝ። እሳቸው ግን ተነሡና ጥምጣማቸውን አስተካክለው ሥራ ጀመሩ። ጎረምሳ ሳሉ ከማሽላቸው ከርከሮ የሚያባርር ውሻ ነበራቸው፤ ነገሩን ያውቁታል። ድንጋዩን ከወንዝ ዳር በመጣ ንጹሕ አሸዋ አሳጠቡኝ። በረዶ ያረጠበውን አፈር ከድንጋዩ ዙሪያ አስጠርገው ወደ ሮቃዋ አስወሰዱኝ፤ ዕቃውን ወደ ቤቱ መልስለት እያሉ። ከዚያ ምክሩን ሰጡኝ፤ እንደነቃ፣ እንደበላ፣ እንደጠጣ፣ ሳያዛጋ ተሸክመህ ሮቃዋ ሥር አድርሰው፣ ሲሸና ዝም በል፣ ሲጨርስ አመስግነው፤ ቤት ውስጥ ከሸና ግን አትቆጣው፣ ባንተ ስንፍና ነው። እኔ ውሻውን ታቅፌ፣ እሳቸው ልብሳቸው እንዳይነካ ከፊታችን በዘንጋቸው መንገድ እየመሩ፣ ቀኑን ሙሉ ከቤት ወደ ሮቃ ስንመላለስ የሰፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ ይስቅብን ነበር። አንዷ ሴትዮ፣ ሸህ፣ አዲሱ ደረሳዎ ስንት ምዕራፍ አደረሰ ብላ ስትጠይቃቸው፣ ገና ፊደል ላይ ነው አሏት።

ዓርብ ቀትር ላይ አባቴ ከአጥሩ ወዲህ ቆመ። በረዶ ጋኑ ሥር ከተኛበት ነቃ፤ ተነሣ፤ አሸተተ። በቀዳዳው አጠገብ ሲያልፍ ወደ ድንጋዩ ሳያይ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ወደ ሮቃዋ ሄደ። ሸህ ኑሩ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጡና ከጥላቸው ሥር፣ ከድንጋያቸው ላይ ቁጢጥ አሉ። አባቴም ያን ዓመት ማሾ የሚወቃበት ቀን ሲደርስ ከሸህ ኑሩ ዐውድማ በፊት ለማንም አልሠራም።

ይኸን ሁሉ ዛሬ ጠዋት፣ ከሴራሚኩ ላይ ጉልበቴን ይዤ እንዳጎነበስኩ አስታውሼ፣ ቀና ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን መወልወያ አየች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺኑ መወልወያ ከሳሎን ኮሪደር፣ ከኮሪደር መኝታ ቤት። ለቡችላው መንገዱን በገዛ እጄ፣ ክፍል በክፍል፣ ቀብቼ አሳየሁት። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ይኸን ቢሰማ ጡረታዬን ይነጥቀኝ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ አዲስ ስሕተት እንኳ አለመሆኑ ነው፤ ሰው በዘጠኝ ዓመቱ የተሳሳተውን በሰባ ሦስት ዓመቱ ደግሞ ከተሳሳተ መሀል ላይ ያለው ዕድሜ ምን ሲሠራበት ኖረ ያሰኛል።

መወልወያዋን ጓሮ አወጣኋትና ማንጎዋ ሥር ጣልኳት። ከአንድ ደግ ባለ ጋሪ አንድ ጄሪካን ውሃ ለምኜ ቤቱን በሌላ ጨርቅ፣ በሳሙና፣ ከዳር እስከ ዳር አጠብኩ። ኮኮ እንደነቃ አንድ ጊዜ አወጣሁት፤ ቢራቢሮ አባረረ። እንደበላ አወጣሁት፤ የጫማዬን ማሰሪያ በላ። ሦስተኛ ጊዜ፣ ገና ሊያዛጋ አፉን ሲከፍት ብብቴ ሥር አድርጌ ሮጥኩ፤ ሮጥኩ ስላችሁ እንደ አቅሚቲ ነው። መወልወያዋን አሸተተ፣ ዞራት፣ እንደገና ዞራት፣ ቁጢጥ አለ። ሲጨርስ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁና፣ የልጅነት ልማድ ሆኖብኝ፣ ለሸህ ኑሩ ለመናገር ወደ አጥሩ ዞርኩ።

አጥሩ ብሎኬት ነው። አጣዬ በግጭት በተቃጠለችበት ዓመት እኛ ሁለት ረድፍ ጨመርን፤ የሸህ ኑሩ የልጅ ልጅ መሐመድም ከወዲያ ሆኖ ለሰነው፣ አናቱ ላይም የጠርሙስ ስብርባሪ ተከለበት። ማን ማንን ፈርቶ እንዳሠራው እስከ ዛሬ ተነጋግረን አናውቅም፤ በር ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከሁለታችንም ትሕትና አልጎደለም። ሮቃዋ መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጣለች። ድንጋዩ ይኑር አይኑር አላውቅም። የልጅነቴን ስሕተት ሸህ ኑሩ በአራት ቀን ደረሱበት፤ የዘንድሮው ሦስት ሳምንት የፈጀው የሚያይ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሄጄ የሳሎን ወንበር አመጣሁና ወጣሁበት፤ መወልወያዋን ተመርኩዤ። የመሐመድ ሚስት ዘሃራ ልብስ ታሰጣ ነበር። የአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ከጠርሙሱ መሀል ብቅ ሲል ስታይ የያዘችው አንሶላ ከእጇ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ምነው? ምን ገጠመዎት?»

«ምንም ልጄ። ውሻዬ ሸና።»

ለአፍታ አየችኝ። ባለጌ አይደለችም፣ አልሳቀችም፤ «አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው።

«ለመሐመድ ንገሪው። አያትህ ቢኖሩ ይስቁ ነበር አለህ በይልኝ።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለችና አንሶላውን አንሥታ አራግፋ አስጥታ ገባች። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ነገ እታፈራሁ ትመጣለች፣ ታሸታለች፤ ኮኮም እንዳያያዙ ከሆነ ካርቶኑ ባዶውን ይቀራል። እኔ ግን ቶሎ አልወረድኩም። ሸህ ኑሩ ክንዳቸውን የሚያስደግፉበት አጥር ወገባቸው ድረስ ነበር፤ ይኸኛው ወንበር ላይ ቆሜ እንኳ አገጬ ላይ ይደርሳል፣ ክንድ የሚያርፍበት ቦታም የለውም። ከማዶ ቁርቁራው አሁንም አለ። ከጥላው ሥር ልብስ ተሰጥቷል፤ ድንጋዩን ፈለግኩት፣ አንሶላው ጋርዶት እንደሆነ አላውቅም፣ አላየሁትም።